አሮጌውን አውቶሞቢል በአዲስ ስለ መለወጥ

የቤት አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ጥሪቱን በምን ላይ እንደሚያኖር ነው። አባቶቻችን ጥሪታቸውን በመሬትና በከብት፥ በእህልና በወርቅ ያኖሩ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በአዲስ አበባ ከተማ የብዙ ቤተ ሰብ ጥሪት፥ ታስቦበትም ሆነ ሳይታሰብበት፥ በደጅ በቆመው አውቶሞቢል ላይ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ አሮጌውን አውቶሞቢል ሰጥቶ አዲሱን መቀበል ያረጀ ልብስ በአዲስ ልብስ እንደ መተካት ያለ ቀላል ነገር አይደለም። የቤቱን ሀብት ከአንዱ ጎተራ አውጥቶ ወደ ሌላው ጎተራ ማግባት ነውና፥ ሁለተኛው ጎተራ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ይልቁንም መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ነገሩ የባልንና የሚስትን ምክር፥ የልጆችንም የወደፊት ኑሮ የሚነካ ስለ ሆነ፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚሁ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

እኛ የምንኖርበት ሰፈር ሰንጋ ተራ ይባላል። ስሙ የከብትን ገበያ ያስታውሳል። ዛሬ ግን በስፍራው ሰንጋ የሚያቆም ነጋዴ አይታይም፤ በፈንታው ታላላቅ የባንክ ሕንፃዎች ቆመውበታል። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ቁመቱ ከ200 ሜትር የሚበልጠው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ በዚሁ አቅራቢያ ነው፤ የኅብረት፥ የዘመንና የንብ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶችም ጎረቤቶቹ ናቸው። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ፥ ሻኛውን ዳብሶ፥ አረማመዱን አይቶ እንደሚዋዋል ሁሉ፥ አውቶሞቢል የሚገዛም ሰው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፥ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ አይቶ፥ ለጭማሪው የሚሆነውን ብድር ለመጠየቅ ወደ እነዚህ ሕንፃዎች ይገባል። የገበያው ዕቃ ተለወጠ እንጂ የገበያው ጠባይ አልተለወጠም።

የከብት ነጋዴ ሁለት ዓይነት በሬ ለይቶ ያውቃል። አንደኛው የእርሻ በሬ ነው። ጥቅሙ በጉልበቱ ነው፤ ዓመት በዓመት አርሶ እህል ያስገባል፤ እርሱ ራሱ ግን እያረጀ ሲሄድ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰንጋ ነው። ሰንጋ ሥራ አይሠራም፤ ቆሞ እየበላ ዋጋው ይጨምራል። ብልህ ገበሬ አንዱን በሌላው በለወጠ ጊዜ የሚሰጠው የትኛውን፥ የሚቀበለውም የትኛውን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን መለየት ስለ አውቶሞቢልም ምን ያህል እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እናሳያለን፤ አስቀድመን ግን እጥረቱ ከየት እንደ መጣ እንናገር።

አውቶሞቢል በአገራችን የታወቀበት ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ በብዙ ድካም አዲስ አበባ ያገባው ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም አብዛኛው አውቶሞቢል ዛሬም የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል። ስለዚህ ምንዛሪ ሲያጥር፥ ወይም ቀረጥ ሲከብድ፥ ወይም እንዳይገባ ሲከለከል፥ በደጃችን የቆመው አሮጌ መኪና ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ዋጋው ይለወጣል።

በቅርብ ዘመን የሆነውን በተራ እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። አሳቡ አሮጌ መኪና ከውጭ እየተጋዘ እንዳይገባ፥ ሰውም ወደ አዲሱ እንዲያዘነብል ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ተወዳዳሪ ስለ ታጣለት ዋጋው ተነሣ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ከማጠሩ የተነሣ ባንኮች ለ38 ዓይነት ሸቀጦች ምንዛሪ እንዳይፈቅዱ ሲታገዱ፥ አውቶሞቢል ከእነዚሁ አንዱ ሆነ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሄደው በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ38ቱ ሸቀጦች እገዳ በዚያው ጊዜ ቢነሣም፥ በነዳጅ በሚሄደው አውቶሞቢል ላይ የተደረገው ክልከላ አብሮ አልተነሣም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ነዳጅ ከውጭ በምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ለማበረታታት በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው ውሳኔ፥ ሙሉ ሆኖ ለሚገባው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የጉምሩክ ቀረጡ 15 ከመቶ ብቻ፥ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 ከመቶ እንዲሆን፥ ተበታትኖ ገብቶ በአገር ውስጥ የሚገጣጠመውም ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በሌላው ወገን በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ አንድ የቤት አባት አሮጌውን የቤንዚን መኪና በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ልለውጥ ብሎ ቢያስብ አሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

በመኪና እጥረት የተፈተነች አገር ኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነች ማወቅ ይገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከየካቲት ወር 1934 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ የሚሸጥ አውቶሞቢል መሥራታቸውን ትተው የጦር መሣሪያ ይሠሩ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር አዲስ አውቶሞቢል እጅግ ብርቅ ስለ ነበረ፥ ገዢው መልሶ በትርፍ እንዳይሸጠው ለአንድ ዓመት ያህል ላይሸጥ በፊርማው ይዋዋል ነበር። በቀድሞው ምሥራቅ ጀርመን ትራባንት የተባለችውን ትንሽ መኪና ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ወረፋ ይጠበቅ ስለ ነበረ፥ በእጅ ያለችው አሮጌ ትራባንት ገና በወረፋ ካለችው አዲስ ይልቅ በበለጠ ዋጋ ትሸጥ ነበር። በአሜሪካም በኮሮና በሽታ ዘመን ለመኪና የሚያስፈልጉት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ባጠሩ ጊዜ፥ በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. ያገለገለ መኪና ዋጋ ካለፈው ዓመት 45 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን ሲቀጥሉ ዋጋው ወረደ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በእጥረት ጊዜ የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ከልኩ በላይ ይነሣል፤ በእጥረት የተነሣውም ዋጋ ለዘላለም አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንምጣ። አሮጌውን ሰጥቶ በጭማሪ አዲሱን መውሰድ በአገራችን አዲስ ሥራ አይደለም። በየሰፈሩ «ልዋጭ» እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎች ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብለው የቤት ዕቃ ይሰጣሉ። ይህን ንግድ ያየች እመቤት ሁሉ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። በልዋጭ ጊዜ የአሮጌው ልብስ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፥ የአዲሱም ሳህን ዋጋ ስንት እንደ ሆነ አይነገርም፤ ሁለቱ ዋጋ ተደባልቆ አንድ ነገር ይሆናል። እመቤቲቱም ሳህኑን አግኝታ ደስ ይላታል እንጂ ኮቱ በስንት እንደ ሄደ አታውቅም። ስለ ሳህን ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። ስለ አውቶሞቢል ሲሆን ግን የዓመታት ቁጠባ ሊሄድበት ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ ሁለቱን ዋጋ ለያይታችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን ወደ ነጋዴው ሄዳችሁ «አሮጌ መኪና የለኝም፥ በገንዘብ ብገዛው ስንት ነው?» በሉ። ሌላ ቀን ወደ ሌላ ሰው ሄዳችሁ «አዲስ አልፈልግም፥ ይህን ብሸጠው ስንት ያወጣል?» በሉ። ከዚህ በኋላ ነጋዴው ለአሮጌው «ከማንም የበለጠ ዋጋ እሰጣለሁ» ባለ ጊዜ፥ ብልጫውን በአዲሱ ዋጋ ላይ ጨምሮት እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃችኋል። መመልከት የሚገባው የአሮጌውን ዋጋ ማማር ሳይሆን ከኪስ የሚወጣውን ጭማሪ ነው።

ይህን በቍጥር እናስረዳ። ለምሳሌ ያህል፥ እጥረቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ አሮጌው መኪና 600,000 ብር፥ አዲሱ ደግሞ 1,200,000 ብር ነበረ እንበል። ጭማሪው 600,000 ብር ነበረ። እጥረቱ መጥቶ ሁሉም ዋጋው በሁለት ተኩል እጅ ቢነሣ፥ አሮጌው 1,500,000 ብር፥ አዲሱ 3,000,000 ብር ይሆናል። የቤቱ አባት አሮጌው መኪና 900,000 ብር አተረፈልኝ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን አሁን የሚከፍለው ጭማሪ 1,500,000 ብር ነው። አተረፍሁ ያለው ሰው በፊት ሊከፍለው ከሚገባው ይልቅ 900,000 ብር አብልጦ ይከፍላል ማለት ነው። ትርፉ እውነተኛ ትርፍ የሚሆንለት መኪናውን ሸጦ ሌላ መኪና የማይገዛ ሰው ብቻ ነው። ሸጦ ለሚገዛ ግን፥ ደመወዙ በዚያው ልክ ካልጨመረ በቀር፥ የዋጋው መነሣት ኪሳራ ነው።

ጭማሪውን በብድር የሚያገኝ ሰውም ወለዱን ሊያስብ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 ከመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ስለ ነበረ፥ ከዚያ በኋላ ለመኪና የሚሆን ብድር የጠየቀ ሰው የባንኩ ሕንፃ የረዘመውን ያህል ብድሩ ቅርብ እንዳልሆነ ሊያይ ችሏል። ብድር ይገኛል ብሎ ቀብድ መክፈል፥ ዝናብ ይመጣል ብሎ ውሃ እንደ መድፋት ነው።

አሁን ስለ በሬ የተናገርነው ነገር ወደ ስፍራው ይመጣል። እንዳይገባ የተከለከለው የቤንዚን አውቶሞቢል፥ ይልቁንም መለዋወጫው በየገበያው የሚገኝለት፥ መካኒኩ ሁሉ የሚያውቀው አሮጌ ቶዮታ፥ ለባለቤቱ እንደ ሰንጋ ሆኗል። ዋጋው የቆመው በሥራው ሳይሆን ተተኪ በማጣቱ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ግን የእርሻ በሬ ነው። በየቀኑ የቤንዚን ወጪ ያስቀራል፤ ዘይት መለወጥ አያስፈልገውም፤ በጸጥታ ይሄዳል። ነገር ግን እንደ እርሱ ያለው በየወሩ አዲስ ሆኖ ወደ አገር ስለሚገባ፥ የሞዴሉም ዓይነት ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፥ ዋጋው እንደ አሮጌው እየቆየ ይነሣል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። አሮጌውን በአዲስ የሚለውጥ ሰው ሰንጋውን ሰጥቶ የእርሻ በሬ ይቀበላል ማለት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። የሚያርስ ሰው የእርሻ በሬ ያስፈልገዋል። ብዙ መንገድ በየቀኑ የሚሄድ፥ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ፥ ወይም በመኪናው ሠርቶ የሚኖር ቤተ ሰብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጭማሪውን ከቤንዚን ወጪው ሊያገኘው ይችላል። መኪናው በሳምንት አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያን፥ አንድ ቀን ለለቅሶ ብቻ የሚወጣ ቤተ ሰብ ግን ሰንጋውን ሰጥቶ የማያርስ በሬ ገዛ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ልቡ ባትሪው ነው። ከመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ የእርሱ ስለ ሆነ፥ ባትሪው የተበላሸ መኪና ሞተሩ እንደ ወረደ መኪና ይቆጠራል። በአገራችን ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በልዩ ልዩ ነጋዴዎች እጅ የገቡ ናቸው፤ ለምሳሌ አይዲ 6 የተባለው የቮልስዋገን መኪና የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ፋብሪካው በዚያ አገር የሰጠው ዋስትና እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎት የሚመጣ መሆኑን፥ ካልመጣም ዋስ የሚሆነው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም መኪናው በሌሊት የሚሞላበትን ስፍራ ማሰብ ይገባል። የራሱ ግቢ ያለው ሰው መስመሩ መኪናውን ለመሙላት የሚችል መሆኑን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምር። እንደ ሰንጋ ተራ የ40/60 ቤቶች ባለ ፎቅ ቤት ላይ የሚኖር ሰው ግን መኪናውን የሚያቆምበት ስፍራ የጋራ ስለ ሆነ፥ ቆጣሪውና ገመዱ ነገር ሊሆንበት ስለሚችል አስቀድሞ ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር መነጋገር አለበት።

አንድ የሰፈራችንን ቤተ ሰብ ምሳሌ እናምጣ። ባልየው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ባለቤታቸው ቤት ያስተዳድራሉ። አንዲት ሴት ልጅ ኮሌጅ ልትገባ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ዕድሜያቸው የገፋ የባልየው እናት አብረዋቸው ይኖራሉ፤ በየሳምንቱም ለሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይወሰዳሉ። ከቤቱና ከደመወዙ ሌላ ያላቸው ጥሪት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ናት። አንድ ምሽት ባልየው ደስ ብሏቸው ገቡና እንዲህ አሉ፦

«አሮጌይቱን ዛሬ ነገ ሳንል ካስረከብነው ደኅና ዋጋ ሊቆርጥላት ተስማምቷል። አዲሱ ከመርከብ ላይ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ይደርሳል ብሎኛል። ቶሎ ካልወሰንን ዋጋው ይጨምራል አለኝ፤ ምን ትያለሽ?»

ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እርስዎ ያሰቡት ለቤታችን ደግ ነው። ግን ልጠይቅዎ» አሉ። «በእነዚህ ሁለት ወሮች እማማን ወደ ሐኪም የምንወስዳቸው በምንድር ነው? ሁለቱ ወር ስድስት ቢሆንስ? ያን ጊዜ አሮጌይቱን መልስልን ብንለው በዛሬው ዋጋ ይመልሳታልን? ደግሞም ዛሬ የሚቆርጥላት ዋጋ የልጅቱ የትምህርት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በእርሱ እጅ፥ መኪናውም በባሕር ላይ ሆኖ፥ እኛ በእጃችን ምን ይቀራል?»

ባልየው መልስ አልነበራቸውም። በማግሥቱ ባልና ሚስት አብረው ወጥተው ወደ ሦስት ነጋዴዎች ሄዱ፤ የሁለቱንም ዋጋ ለያይተው ጠየቁ። የመጀመሪያው ነጋዴ ለአሮጌይቱ አብልጦ የሰጠውን ያህል በአዲሱ ላይ ጨምሮ እንደ ነበረ ተገለጠ። በመጨረሻ ከሌላ ነጋዴ ጋር ተስማሙ። አዲሱ መኪና አዲስ አበባ ገብቶ፥ በዓይናቸው አይተውት፥ ባትሪውን በባለሙያ አስመርምረውት፥ አሮጌይቱን ያን ቀን ሊያስረክቡ ተዋዋሉ። መኪናው የዘገየው ሁለት ወር ሳይሆን አምስት ወር ነበር። በእነዚህ አምስት ወሮች አሮጊቲቱ አንድ ቀን ስንኳ ሕክምናቸው አልተቋረጠም፤ ልጅቱም እንደ ወትሮዋ ትማር ነበር። የወይዘሮዋ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

በዚህ ነገር ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅም ለቤተ ሰብ ይጠቅማል። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ስለምንገኝ የመኪና ክርክር መዝገብ በእጃችን ሲያልፍ እናያለን፤ ብዙውን ጊዜ ክርክሩን የሚያመጣው ክፋት ሳይሆን ችኮላ ነው። ስለዚህ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና ከዘወትሩ ሥራ የሚከተለውን እናስታውሳለን።

1ኛ፤ ስም ሳይዛወር መኪናን አለማስረከብ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2081 ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። አሮጌውን መኪና በውክልና ብቻ ለነጋዴ ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው፥ ስሙ በሊብሬው ላይ እስካለ ድረስ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ወደ ደጁ ሊመጣ እንደሚችል ይወቅ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም፤ የስሙም ዝውውር እስከ መጨረሻው ይፈጸም።

2ኛ፤ ስለ ቀብድ። በሕጉ ቍጥር 1885 መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ዕጥፉን ይመልሳል። ይህ ሕግ መልካም ጋሻ ነው። ነገር ግን ዋጋ በየሳምንቱ በሚነሣበት ጊዜ ትንሽ ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ፥ ዕጥፉን መልሶ መኪናውን ለሌላ ቢሸጥ ሊያተርፍ ይችላል። ስለዚህ ቀብዱ ሻጩን የሚይዝ ያህል ይሁን፤ የገዢውን ቤት ባዶ የሚያደርግ ያህል ግን አይሁን። ከቀብዱ በላይ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ መክፈል አደጋ አለው። ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. በከሠረ ጊዜ ገንዘብ ከፍለው መኪናቸውን ይጠባበቁ የነበሩ ደንበኞች እንደ ነበሩ አይዘነጋም።

3ኛ፤ ሁለቱ ዋጋ በውሉ ላይ ተለያይቶ ይጻፍ። የአሮጌው ዋጋ ይህን ያህል፥ የአዲሱ ዋጋ ይህን ያህል፥ ጭማሪው ይህን ያህል ተብሎ በቍጥርም በፊደልም ይስፈር። ውሉ ቢፈርስ የሚመለሰው አሮጌው መኪና ራሱ ነው ወይስ ገንዘቡ የሚለውም አብሮ ይወሰን። ይህ ካልተጻፈ ዳኛው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል፤ ባለ ጕዳዩም ለብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

4ኛ፤ የምንዛሪ ለውጥ የማን ዕዳ እንደ ሆነ ይነገር። አንዳንድ ውል «ምንዛሪ ቢለወጥ ዋጋው ይለወጣል» የሚል ቃል በትንሽ ፊደል ይዟል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያየ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይረዳል። ቃሉ በውሉ ውስጥ ካለ፥ አሮጌው መኪናም በዚያው ልክ ዋጋው እንዲታሰብለት መጠየቅ ቅን ፍርድ ነው። ሻጩ የራሱ ዕቃ ብቻ እንዲነሣ፥ የገዢው ዕቃ ግን በቀድሞው ዋጋ እንዲቆም ማድረግ ሚዛኑን አንድ እጁን ይዞ እንደ መመዘን ነው።

5ኛ፤ የሚገዛውና የሚሰጠው መኪና የሻንሲና የሞተር ቍጥር፥ የማስረከቢያው ቀን፥ ዕዳና እገዳ የሌለበት ለመሆኑ ማስረጃ፥ የባትሪውም ዋስትና ዘመን በጽሑፍ ይሁን። ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ነገር ግን ያልተጻፈን ተስፋ በምስክር ማስረዳት ብዙ ድካም አለው። «ጋሼ፥ እኔን ይመኑኝ» የሚል ደላላ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ መልካም ሰው ከሆነ መጻፉን አይጠላም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፥ «እንዲህ ሁሉ ከሆነ አሮጌውን ይዞ መቀመጥ አይሻልምን?» ይል ይሆናል። ሁልጊዜ አይሻልም። በእጥረት የተነሣ ዋጋ ሕግ ሲለወጥ ወይም ዕቃው ሲበዛ ሊወርድ እንደሚችል ከሌሎች አገሮች ታሪክ አይተናል። መለዋወጫው እየተወደደ፥ ቤንዚኑም እየጨመረ ሲሄድ ሰንጋው ከሚጨምረው ይልቅ የሚበላው ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም የአየሩን ንጽሕና፥ የአገርንም ምንዛሪ ማሰብ የዜጋ ሁሉ ዕዳ ነው። ስለዚህ እኛ አትለውጡ አንልም። የምንለው፥ የምትሰጡትን ዕወቁ፥ የምትቀበሉትን እዩ፥ ሁለቱም በአንድ ቀን እጅ ለእጅ ይተላለፉ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ምክር በጓዳ ይጀመር። መኪናው በባል ስም ቢመዘገብም ጥሪቱ የቤቱ ሁሉ ነው። የሚነዳው አንድ ሰው ቢሆን፥ በእርሱ ወደ ሐኪም የሚሄዱት አሮጊት፥ በእርሱ ዋጋ የምትማረው ልጅ፥ በእርሱ ቤት የምታስተዳድረው እመቤት ሁሉም ድርሻ አላቸው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ በእጥረት ዘመን የፈሰሰው ግን ብዙውን ጊዜ ተለቅሞ አያልቅም። ነጋዴው «ነገ ዋጋው ይጨምራል» ባለ ጊዜ፥ «እንግዲያውስ ዛሬ ማታ ከቤተ ሰቤ ጋር ልምከር» ብሎ መመለስ የሚችል የቤት አባት፥ መኪናው አሮጌም ቢሆን አዲስ፥ ቤቱን በጤና ያኖራል።